እናቴን ከብርድ ላወጣልኝ የቦይለር ሠራተኛ

ሰላም ወገኖቼ፣ በተለይ ለንደንና አካባቢዋ ያላችሁ። ይህን የምጽፈው ከሞቀ ቤት ውስጥ ነው። «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ትሉኝ ይሆናል። 12 ቀን ሙሉ ካፖርት ለብሼ ሽንኩርት ስከትፍ የሰነበትኩ ሰው ነኝና ለእኔ ትልቅ ዜና ነው።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጣች። ከተያየን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር። ሻንጣዋን ስትፈታ ከበርበሬውና ከሽሮው ሥር ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ! ያ ከባዱ፣ አንዴ ከለበሱት መገላበጥ የማያስችለው። «እማዬ፣ ስንት የሚጫን ነገር እያለ ኪሎውን በብርድ ልብስ ጨረሽው? እዚህ እኮ ቤቱ በማሽን ነው የሚሞቀው» አልኳት። «ማሽን ይበላሻል ልጄ» አለችኝና አጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

ያለችው አልቀረም። በመጣች በሳምንቷ ውርጭ ወረደ። ማለዳ ስነሳ ክፍሎቹን የሚያሞቁት ራዲያተሮች እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል፤ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ይቆርጣል። ቦይለሩ (ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቀው የጋዝ ማሽን) ላይ የሆነ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። አጠፋሁት፣ አበራሁት። የእኔ ሕክምና እዚያ ላይ ያበቃል።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሰዎችና ድርጅቶች ስም አልጠራም። ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። ታሪካቸውን ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ሆዴ ውስጥ ከቀረ ያመኛል።

የመጀመሪያው ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እማዬና የ11 ዓመቱ ልጄ ተቀበሉት። እማዬ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምትውል የማሽኑን ጠባይ አጥንታዋለች። «ማታ 3 ሰዓት ገደማ ይጠፋል። ሌሊት ብትጫነውም እምቢ ይላል። 5 ሰዓት ላይ ስጫነው ይነሳል» ብላ ነገረችው። ልጄ ለንደን ተወልዶ ያደገ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ የእኛን ሰዓት ግን ከየት ይወቀው? ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ተረጎመለት። ሰውዬውም ይህን ሰምቶ፣ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት፣ ማሽኑ የሚበራበትና የሚጠፋበት ሰዓት ተዛብቷል ብሎ እሱን ሲነካካ ቆየና 90 ፓውንድ ተቀብሎ ሄደ። ያን ማታ 3 ሰዓት ላይ ጠፋ። በእማዬ 3 ሰዓት ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ደህና ሰው መሳይ ነበር። ብዙ መሣሪያ ይዞ መጣ፣ ከፈተው፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ «የኤሌክትሪክ ቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። 410 ፓውንድ። የወሩን ቁጠባዬን አውጥቼ ሰጠሁት። እውነትም ሠራ! ሦስት ቀን ሞቀን። በደስታ አምስት ኮከብ ሰጥቼ ኢንተርኔት ላይ አሞገስኩት (አሁን አጥፍቼዋለሁ)። ለካ እነዚያ ሦስት ቀናት ውርጩ ለቆ ዝናብ የዘነበባቸው ቀናት ናቸው። በአራተኛው ሌሊት ውርጩ ተመለሰ፣ ማሽኑም ተኛ። ስደውልለት «ይሄ ሌላ ችግር ነው፣ ለመምጣት ሌላ ክፍያ አለው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩንም አያነሳም።

ሦስተኛው ይባስ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ከሩቅ አየውና «አርጅቷል፣ አዲስ ይገባል፣ 3,200 ፓውንድ። ዛሬውኑ ከፈረምሽ 200 እቀንስልሻለሁ» አለ። እዚህ አገር የጋዝ ማሽን የሚነካ ሰው ጋዝ ሴፍ የተባለው መዝገብ ላይ መስፈር እንዳለበት አውቃለሁና መታወቂያውን ጠየቅኩት። «መኪና ውስጥ ነው» አለኝ። መኪናው ደጃፌ ላይ ቆሟል። ሊያመጣው ግን አልፈለገም። እኔም አልፈረምኩም።

እነዚያን ሌሊቶች እንዴት እንዳለፍናቸው ልንገራችሁ። እኔ፣ ልጄና እማዬ አንድ አልጋ ላይ፣ በዚያ በናቅኩት ብርድ ልብስ ሥር። እማዬ መሐል ትተኛና ከግራ ከቀኝ ታቅፈናለች። አንድም ቀን «ነግሬሽ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት በማንቆርቆሪያ ውሃ እያፈላሁ ሳፋ እሞላላታለሁ። ሰባት ጊዜ አፍልቼ ስጨርስ የመጀመሪያው ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። ጾሙን ይዛ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች፣ «አይዞሽ፣ እኛ ከዚህ የባሰ ውርጭ እናውቃለን» ትለኛለች። እናቴን ካገሯ አምጥቼ በብርድ ልገድላት ነው እያልኩ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አንዷ ወዳጄ ከማዘን ብዛት «ለምን የባርቤኪው ከሰል አቀጣጥላችሁ ቤት አታስገቡም?» አለችን። እማዬ ይህን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነሳች። እሷ ልጅ ሳለች ጎረቤታቸው የነበሩ ባልና ሚስት ለብርድ ብለው ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው ቀርተዋል። «ብርዱ ያስለቅሰናል እንጂ አይገድለንም፤ ከሰሉ ግን ሳያስለቅስ ይገድላል» አለች። እባካችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በምንም ምክንያት ከሰል ዘግታችሁ አትተኙ።

የገና በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዲት እህት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ስታየኝ ምን ሆነሽ አለችኝ። ነገርኳት። «እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ተቆጣችኝና እዚያው ቆማ ደወለች። የኛው አገር ልጅ ነው። ያን ማታ እመጣለሁ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ብዙም ተስፋ አላደረግኩም። አራተኛ ሰው፣ አራተኛ ክፍያ።

መጣ። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። እማዬ ጋቢ ለብሳ፣ ከጋቢው ላይ ብርድ ልብሱን ደርባ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። አያትና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፣ እጇን ጨበጠ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ጫማውን አጥልቆ ተመልሶ ወጣ። «እሱም ሊሄድ ነው» አልኩ በልቤ። ለካ መኪናው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ኖሮት እሱን ሊያመጣ ነው! አምጥቶ እግሯ ሥር አደረገና ሰካው፤ አቅጣጫውን እያስተካከለ «እማማ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይሙቁ። ማሽኑ ይደርሳል» አላት።

ወገኖቼ፣ ይህን ስጽፍ አሁንም እንባዬ ይመጣል። ከእሱ በፊት ሦስት ሰዎች እዚያ ቤት ገብተዋል። ሦስቱም ማሽኑን አይተዋል፣ የኔን ቦርሳ አይተዋል። እዚያ ጥግ የተቀመጠችውን ሴትዮ ያያት አልነበረም።

ከዚያ ሳልጠይቀው የጋዝ ሴፍ መታወቂያውን አሳየኝ። ጀርባውንም ገልብጦ «የትኛውን ሥራ መሥራት እንደሚፈቀድልኝ እዚህ ተጽፏል። ማንም ሲመጣ ጀርባውንም እይ እህቴ» አለኝ። ቀጥሎ «ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እማዬ ናት አልኩት። ቦይለሩን ገና ሳይነካ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እማማ፣ ይሄ ማሽን ምን ያደርጎታል?»

«ማታ 3 ሰዓት ገደማ ይጠፋል። 5 ሰዓት ላይ ስጫነው ይነሳል።»

«ረፋድ 5 ሰዓት? ፀሐይ ከወጣ በኋላ?»

«አዎ፣ ያን ጓሮ ፀሐይ ሲያገኘው።»

«ሊጠፋ ሲልስ ድምፅ አለው?»

«ሆዱ ይጮኻል። ሆዱ እንደ ተነፋ ጥጃ።»

ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎ ጨርሰውታል እኮ!» ብሎ ባትሪውን ይዞ ተነሳ። ወደ ቦይለሩ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን በጓሮ በር ወጣ። ግድግዳው ላይ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ አለ። ሦስት ዓመት ስኖር ልብ ብዬው አላውቅም። እሱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «ለብ ያለ ውሃ ስጭኝ፣ የፈላ እንዳይሆን» አለኝ። ሰጠሁት። ቀስ እያለ ቧንቧው ላይ አፈሰሰበት። ደግሞ ሌላ። በሦስተኛው ማንቆርቆሪያ ከውስጥ ቅርርር የሚል ነገር ተሰማና የበረዶ ቁራጭ ከነውሃው ጫፉ ላይ ዱብ አለ።

ገብቶ ቁልፉን ተጫነው። ማሽኑ ትንሽ አሰበና እሳቱ ቦግ አለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራዲያተሮቹ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመሩ። እማዬ እጇን ራዲያተሩ ላይ አድርጋ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤቶቼ ምን እንዳሰቡ አላውቅም።

እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ማሽኑ ሲሠራ ያልበዋል አሉ። ላቡ የሚወጣው በዚያ ቀጭን ቧንቧ ነው። ውርጭ ሲሆን ላቡ ቧንቧው ውስጥ በረዶ ይሆንና መውጫ ያጣል፤ ማሽኑም ውሃው ወደ ሆዱ ሲመለስበት ራሱን ለማዳን ይጠፋል። የተቀረውን እሱ በደንብ አስረድቶኝ ነበር፣ እኔ ግን እየሰማሁት የነበረው ራዲያተሩን ነው። ብቻ ቦርዱም አልተቃጠለ፣ ማሽኑም አላረጀ፣ ሰዓቱም አልተዛባ። 500 ፓውንድ የበላኝ አንድ ጣት የሚያህል በረዶ ነው!

በማግስቱ ደግሞ ቃሉን ጠብቆ መጣ። የውጭውን ቧንቧ በወፍራም ቀየረውና በሽፋን ጠቀለለው። እማዬ በመስኮት እያየች «ጋቢ አለበሰው» አለች። የእሷን ክፍል ራዲያተር ከላይ በትንሽ ቁልፍ ከፈት አድርጎ የታፈነውን አየር ፉሽ አድርጎ አስወጣው። ያ ራዲያተር ቤቱን ከገዛሁ ጀምሮ ከግማሽ በላይ ሞቆ አያውቅም። ኮሪደር ላይ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከከሰልም የሚወጣው ገዳይ ጋዝ) ማንቂያም ሲሞክረው ባትሪው ሞቷል። ባትሪ ለወጠበትና ስለ ከሰሉ እማዬ ያለችውን ስነግረው «ያው ነገር ነው፤ ከጋዝ ማሽንም ሊወጣ ይችላል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። እማማ ከሁላችንም ይበልጣሉ» አለኝ።

ሂሳቡ? የሁለት ቀን ሥራ ከነዕቃው 95 ፓውንድ። ተሳስቶ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩት። ልጨምርለት ብል «የእማማን ቡና ጠጥቻለሁ» ብሎ እምቢ አለ። እማዬ ግን የምትረታ አይደለችም። ለእኔ ካመጣችው በርበሬ ግማሹን በላስቲክ ቋጥራ መኪናው ውስጥ ጣለችለት። ግማሹን! ስድስት ዓመት የጠበቅኩትን በርበሬ። ይሁን፣ ይገባዋል።

ገናን በሞቀ ቤት፣ በሙቅ ውሃ ታጥበን፣ ዶሯችንን ሠርተን አከበርን። እማዬ አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሳለች። ስደውልላት ከእኔ ደህንነት ቀድማ «ያ ልጅ ደህና ነው?» ትለኛለች። ብርድ ልብሱን ግን ይዛው አልሄደችም። እንዳያት አጥፌ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

እናማ ለንደን ያላችሁ፣ ቤታችሁ ሙቀትም ሆነ ሙቅ ውሃ እምቢ ካላችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። አዲስ ግዙ ካሏችሁም ከመፈረማችሁ በፊት ጥሩት። እሱን ሳታማክሩ ፓውንዳችሁን አታውጡ፣ እኔ ለሁላችንም ከፍያለሁ። አንድ ነገር ግን ራሱ ንገሪልኝ ብሏል፤ ጋዝ ጋዝ ከሸተታችሁ እሱን አትጠብቁ። መስኮት ከፍታችሁ ከቤት ውጡና 0800 111 999 ደውሉ።

ስሜን እንዳትለጥፊ ብሎ ስላስማለኝ ስልኩን የምሰጠው በውስጥ መስመር ነው። ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ። ትንንሽ ልጆች ስላሉት ከ3 ሰዓት በኋላ ባትደውሉለት ይመረጣል። የማታው 3 ሰዓት፣ በእማዬ ሰዓት።