ፎክስፒ3ን ለመለየት የትኛውን አንቲቦዲ እንግዛ?

ጅማ ላይ በበሽታ መከላከያ ሴሎች ላይ ምርምር የጀመረ ተማሪ ፎክስፒ3 የተባለውን ፕሮቲን፣ ፈልጎ በሚጣበቅበት አንቲቦዲ መለካት ሲያስብ ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ይገባኛል። በጀቱ ጠባብ ነው፤ ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ ይሰበሰባል፣ ርካሹ ያልፋል። ችግሩ ሦስቱም ወረቀት ላይ «የሰው ፎክስፒ3፣ ሞኖክሎናል» ተብሎ መጻፉ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ክሎን፣ ማለትም አንቲቦዲው የተመረተበት የሴል ዘር፣ ግን ለየቅል ሊሆን ይችላል። መወዳደር ያለበትም ክሎኑ ነው።

ፎክስፒ3 ጂኖችን የሚያበራና የሚያጠፋ ፕሮቲን ነው፤ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባለው ዓይነት። የመከላከያ ሥርዓቱ በገዛ አካሉ ላይ እንዳይነሳ የሚገቱት ሬጉላቶሪ ቲ ሴሎች ዋና መለያቸው እሱ ነው። የ2025 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ለሜሪ ብሩንኮ፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው በዚሁ ሥራ ነው። የአንጀት ትላትል እነዚህን ሴሎች እንደሚያነሳሱ ይታወቃል። ስለዚህ ጥያቄው ለጅማ ሩቅ አይደለም።

የሰው ደም በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ቀለም የተቀቡ ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚያነብ ማሽን) ለሚሠራ ብዙ ጊዜ ምርጫው 259ዲ፣ 206ዲ እና ፒሲኤች101 ከተባሉት ክሎኖች አይወጣም። እኔ ብጠየቅ 259ዲን እላለሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የንጽጽር ጥናትም ለፍሎው ከፒሲኤች101 ይልቅ እሱን መርጧል። ፒሲኤች101 መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ የታተመ ሥራ ተሠርቶበታል። ግን የአይጥ ዘር ከሆነው ራት የተገኘ ስለሆነ ሴሎቹን አስቀድሞ በራት ሴረም (የደም ውሃ) መሸፈን ይፈልጋል። ያ ከቀረ ያልሆነ ሴል ሁሉ ይቀባና ቁጥሩ ያብጣል። መቆጣጠሪያውም፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ የሚቀባው ፎክስፒ3ን የማይዝ አንቲቦዲ፣ አይጂጂ2ኤ የተባለው የራት አንቲቦዲ ዓይነት መሆን አለበት። 259ዲ እና 206ዲ ግን የማውስ (የትንሿ አይጥ) አይጂጂ1 ናቸው። የዚህ መቆጣጠሪያ ደግሞ በብዙ ላብራቶሪ ፍሪጅ ውስጥ አይጠፋም። አንድ ዕቃ ከመግዛት ተረፉ ማለት ነው።

የቱንም ክሎን ቢገዙ ፎክስፒ3ን ብቻውን አይመኑት። በሰው ላይ ተራ ቲ ሴልም ሲነቃቃ ለጊዜው ያወጣዋል። ሲዲ4፣ ሲዲ25 እና ሲዲ127 ከተባሉት የሴል ገጽ መለያዎች ጋር አብሮ ይለካ። አራት ቀለም ነው፤ የቆየ ባለ ሁለት ሌዘር ማሽንም ይችለዋል።

ከአንቲቦዲው ጋር የሚያያዘውን የሚያበራ ቀለም በተመለከተ ፒኢ የተባለው ደማቅ ነው፣ ሻጮችም እሱን ያስቀድማሉ። ነገር ግን ፒኢ ራሱ ከአንቲቦዲው የሚገዝፍ ፕሮቲን ነው፤ ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ውስጥ መግባት ላለበት ነገር ሸክም ይሆናል። አሌክሳ 488 እና አሌክሳ 647 የተባሉት ቀለሞች ትንንሾች ናቸው። ማሽኑ ቀይ ሌዘር ካለው 647ን ይውሰዱ፤ በፎርማሊን የተያዘ ሴል በአረንጓዴው በኩል በራሱ ትንሽ ስለሚያበራ 488 ላይ ምልክቱ ይደበዝዛል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ወጪ ላይ ደረስን፤ አንቲቦዲው እንዲገባ ሴሉን የሚከፍተው ፈሳሽ፣ ባፈሩ። ለሳይቶካይን (ሴሎች ለሚላላኩበት ፕሮቲን) የተገዛው የሳፖኒን ባፈር እዚህ አይበቃም። የግቢውን በር ከፍቶ ጓዳውን እንደ መቆለፍ ነው። ፎክስፒ3 ያለው ኒውክለስ ውስጥ ስለሆነ ለትራንስክሪፕሽን ፋክተር ተብሎ የተዘጋጀው ኪት ከአንቲቦዲው ጋር በአንድ ትዕዛዝ ይግባ። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ አንቲቦዲውን በትንሹ መጠን ገዝቶ ኪቱን ማሟላት ይሻላል። ሥራው ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከኪቱ በኋላ ቱቦው ሥር የሚቀረው የሴል ክምችት ስስና የማይታይ ይሆናል። የሴንትሪፊዩጁ ፍጥነት ትንሽ ከፍ ይበል፣ ፈሳሹም በቀስታ ይደፋ። ሴሉ የሚጠፋው እዚያ ጋ ነው።

ከሆስፒታል የመጣ፣ በፓራፊን ሰም የተቀመጠ ባዮፕሲ (ከሕመምተኛ የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ) ላይ የሚሠሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የተለመደው ክሎን 236ኤ/ኢ7 ነው። ለፍሎው የተገዛን ብልቃጥ «እስኪ እንሞክረው» ብሎ ስላይድ ላይ ማዋል አያዋጣም። በላብራቶሪ አይጥ (ማውስ) ለሚሠሩ ደግሞ ኤፍጄኬ-16ኤስ አለ፤ ከራት የተገኘ ስለሆነ የሴረሙ ነገር እዚህም ይሠራል። ለሰው ደም ግን አይታዘዝም።

የቀረው መንገዱ ነው። ዕቃው ቦሌ ያርፋል፣ ጉምሩክ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጅማ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ቀለም የተያያዘለት አንቲቦዲ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ብርሃንም አይወድም። ሙቀቱን ሁሉም ይፈራል፤ እኔ የበለጠ የምፈራው በረዶውን ነው። ብልቃጡ ከበረዶ ጥቅሉ ጋር ተጣብቆ ሲመጣ ፈሳሹ ይረጋል፣ በተለይ ፒኢ እና ኤፒሲ የተባሉት ቀለሞች ይበላሻሉ። አስመጪውን በመሃል ካርቶን እንዲያስገባ ይንገሩት። ዓርብ ማታ እንዳይደርስም ቀኑን ቀድመው ይቁረጡ። ሲረከቡ ሳጥኑን እዚያው ከፍተው ብልቃጡን ያዘንብሉት፤ ፈሳሹ ካልተንቀሳቀሰ አይፈርሙ።