የልጅ ስም መምረጫው አፕ፦ ሕፃኗን አይቷል፣ ትልቋን ሴት ግን አላያትም

ሁለተኛ ልጃችንን ስንጠብቅ ስልኬ ላይ የልጅ ስም መምረጫ አፕ ጫንኩ። አምስት ወር ሙሉ ተጠቀምኩበት። የትኛው እንደሆነ አልጠቅስም፤ እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው፣ አሠራራቸውም ይመሳሰላል፣ የምለውም ለአብዛኞቹ ይሆናል። የፈለግኩት ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። አጭር ስም። ሲጠሩት ራሱ የሚያቆላምጥ፣ ሌላ የቤት ስም የማያስፈልገው።

መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልናገር። አፑ ስሞቹን አንድ በአንድ ያመጣል፤ የወደዳችሁትን ወደ ቀኝ፣ ያልወደዳችሁትን ወደ ግራ ትገፋላችሁ። ባለቤቴም በራሱ ስልክ እንደዚሁ ያደርጋል። ሁለታችንም የወደድነው ስም ሲገኝ ብቻ ለሁለታችንም ይታያል። ይሄ ነገር በጣም አሪፍ ነው። ከዚያ በፊት ፊት ለፊት ተቀምጠን ስም ስናነሳ አንዳችን ያመጣነውን ሌላችን ስንጥለው ቅር መሰኘት ነበር፣ በተለይ እሱ የእናቱን ስም አንስቶ እኔ ዝም ያልኩ ቀን። በአፑ ግን የጣልኩትን እሱ አያይም፣ እሱ የጣለውንም እኔ አላይም። ቤታችን ሰላም ሆነ።

የስሙ ተወዳጅነት በየዓመቱ ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳይ መስመርም አለው። እንዲህ ያለ መረጃ ዛሬ በቀላሉ ይገኛል፤ የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ያለውን የሕፃናት ስም ቆጠራ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። በድንገት የወጣ ስም በድንገት ሲወርድ ማየት ይጠቅማል። ፋሽን የሆነውን ከቆየው ትለዩበታላችሁ።

«አጭርና ጣፋጭ» የሚል ማጣሪያ አለው፣ እሱን ነካሁት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለታችንም የወደድናቸው 22 ስሞች ተሰበሰቡ። ሁሉም ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ናቸው። ሁሉም ያምራሉ። አፑ እያንዳንዱን ስም የሚያሳየው ከሚስቅ ሕፃን ፎቶ ጋር ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አንድ ቀን የሆነ ቦታ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ስም የምትጠራው ልጅ «ሚጣ!» ብላ ተጣራች። የሁላችንም ዓይን ሕፃን ፍለጋ ዞረ። የተነሱት ግን ፀጉራቸው የሸበተ እናት ናቸው። ሰዉ ፈገግ አለ። ክፋት አልነበረበትም። እሳቸውም ምንም አልመሰላቸውም፣ ወይም ያን ፈገግታ ከለመዱት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እኔ ግን ቤት ገብቼ 22ቱን ስሞች እንደ አዲስ አነበብኳቸው።

ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። በየስሙ ፊት «ዶክተር»፣ «ዳኛ»፣ «ወይዘሮ» እያልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቀጥሎ በአንቱታ ጠራኋቸው። ይሄኛው ፈተና አይምርም። «ቹቹ፣ እንዴት አደሩ?» ስትሉ ስሙ ወደ ልጅነት ይጎትታል፣ ግሡ ወደ ክብር ይጎትታል፣ ምላስ መሃል ላይ ይያዛል። «ኪኪ ዛሬ አልገቡም፣ ነገ ይመለሱ» ሲባል ጆሮ አይቀበለውም። «ሳባ፣ እንዴት አደሩ?» ወይም «ሊያ ምን ይላሉ?» ስትሉ ግን የሚሰናከል ነገር የለም። ሳባም ሊያም ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱ የማጠሩ አይደለም።

የማን ነው ታዲያ? ብዙ ካሰብኩ በኋላ የገባኝ፣ የቁልምጫ ስም የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዱ ከረጅም ስም የተቆረጠ ነው፦ ቤቲ ከቤተልሔም፣ ሳሚ ከሳሙኤል፣ ዳኒ ከዳንኤል። ይሄ ያድጋል። የሚሰማው ሰው ከኋላው ሙሉ ስም እንዳለ ያውቃል። ሌላው አንድ ድምፅ ተደጋግሞ የተሠራ ነው፦ ሚሚ፣ ቹቹ፣ ኪኪ፣ ቲቲ። ሕፃናት አፍ ሲፈቱ «ማማ»፣ «ባባ» እያሉ ነው የሚጀምሩት፤ እነዚህን ስሞች ስንሰማ ወዲያው ሕፃን የሚታየን ለዚህ ይመስለኛል። ራሱ «ልጅ» ማለት የሆነም አለ፦ ማሙሽ፣ ሚጣ፣ ቤቢ። ማሙሽ ተብለው ተከብረው የሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ስሙን በሥራቸው አስከብረውታል። ልጄ ግን ስሟን ለማስከበር ከሌላው ሰው የበለጠ እንድትደክም አልፈልግም። የመጨረሻው በ«ዬ» የሚያልቀው ነው። ቤት ውስጥ እናት ስትለው ማር ነው። መታወቂያ ላይ ከሰፈረ ግን አለቃዋም፣ መንገድ ላይ ያገኛት የማታውቀው ሰውም «የኔ» እያለ ሊጠራት ነው። ይሄ በፍጹም አልተመቸኝም።

አፑ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚያቀርባቸው። ሁሉም «አጭርና ጣፋጭ» ናቸው፣ በቃ።

ባለቤቴ አልተስማማም። «በቁልምጫ ስም ትልቅ ቦታ የደረሱ ሞልተዋል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ቢል ክሊንተን አሉ፣ ቶኒ ብሌር አሉ። ግን ወረቀታቸውን እዩ። ቢል በወረቀት ዊልያም ናቸው፣ ቶኒ ደግሞ አንቶኒ። ጂሚ ካርተር ሙሉ ስማቸው ጄምስ ኧርል ካርተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ «ጂሚ» መባልን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ሉዊስ ኢናሲዮ ሲወለዱ ሉላ አልነበሩም። ሉላ የቁልምጫ ስማቸው ነው፣ በሕጋዊ ስማቸው ላይ የጨመሩትም ትልቅ ሰው ሆነው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ አሌክሳንደር የሚባል ሰው ለቤተሰቡና ለጓደኞቹ ሳሻ ነው፤ በሥራ ቦታ ግን አሌክሳንደር ከነአባቱ ስም ነው የሚባለው። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሁለቱም ስም ነበራቸው፣ በየቦታው የሚስማማቸውን አወጡ። ከረጅም ስም አጭር ይወጣል፣ ከአጭር ግን ረጅም አይወጣም። ወረቀቱ ላይ አጭሩን ብቻ ከጻፍን ምርጫውን ልጅቷ ሳትጠየቅ ወሰድንባት ማለት ነው።

የሚቃወመኝ ምሳሌም አለ፣ አልደብቀውም። ጃክ የሚለው ስም ድሮ የጆን ቁልምጫ ነበር። ዛሬ ራሱን የቻለ ስም ሆኗል፤ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የወንድ ሕፃናት ቁጥር አንድ ስም ሆኖ ቆይቷል። የቁልምጫ ስም ያድጋል ማለት ነው። የሚያድገው ግን ብዙ ሰው ለብዙ ዘመን ሲሸከመው ነው፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን አታሳድገውም። ሊሊቤትን ተመልከቱ። ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ሕፃን ሳሉ የራሳቸውን ስም በትክክል መጥራት ሲያቅታቸው የወጣ ስም ነው። 70 ዓመት ሲነግሡ በዚህ ስም የሚጠሯቸው የቅርብ ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የልጅ ልጃቸው ልዑል ሃሪ ሴት ልጁን ሊሊቤት ብሎ ሰየማት። ስሙ ደስ ይላል፣ ፍቅርም አለበት። እኔ ብሆን ግን የቅድመ አያቷን መንገድ እመርጥ ነበር፤ ኤልሳቤጥ ለአደባባይ፣ ሊሊቤት ለቤት።

ወደ አፑ ልመለስ። ይህን ሁሉ ሊያግዘን ይችል ነበር፣ አላገዘንም። አጭሩ ስም ከየትኛው ረጅም ስም እንደወጣ አይናገርም። የአባት ስም ከጎኑ አስገብታችሁ፣ ወይም ማዕረግ ከፊቱ አድርጋችሁ እንዴት እንደሚነበብ የምታዩበት ቦታ የለውም፤ ለመሥራት ግን ከባድ ነገር አይመስለኝም። ስም የአባት ስም ሆኖ ወደ ልጅ በሚወርድበት ሁሉ ደግሞ ለወንድ ልጅ የተመረጠው ቁልምጫ የልጅ ልጅም ስም ላይ ይቀጠላል፣ ይሄ አንድም ቦታ አልተነሳም። ስሞቻችንን የሚጽፈውም በላቲን ፊደል ብቻ ነው። ት እና ጥ አንድ ይሆኑበታል፣ ትዕግስትና ጥላሁን በአንድ ፊደል ሥር ይመጣሉ። ድምፅ ማሰሚያውም ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። እንዲያውም በጣም የምንወደውን አንድ ስም እሱ ሲጠራው ሰምተን ልንጥለው ነበር። ኖቲፊኬሽኑ በእኩለ ሌሊት ይመጣል፣ አጥፉት። የሚከፈልበት ክፍልም አለው፤ ብዙ የሕፃን ፎቶና ረጅም ዝርዝር ነው፣ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አድርጉት።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ሦስቱም ከባለቤቴ ጋር ላስማማን ክፍል ነው። ስም መሰብሰቢያ አድርጋችሁ ከተጠቀማችሁበት ይጠቅማል። መምረጡን ግን ስልኩን አስቀምጣችሁ፣ ስሙን በአፋችሁ እየጠራችሁ አድርጉት። በቁጣ ጥሩት፣ በሹክሹክታ ጥሩት፣ አንቱ እያላችሁ ጥሩት። ሐኪም በክፉ ቀን ሲጠራውም አስቡት፤ ይሄ ያስፈራል፣ ግን አስቡት።

ከ22ቱ የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። ወረቀቱ ላይ አምስት ፊደል ያለው ስም አጻፍን። ስሟን እዚህ አላወጣውም፣ የሷ ነው። ለቤት ከአራቱ አንዱን ልንጨምርላት ተስማምተን ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሙሉ ስሟን መጥራት አቃተውና መሃሉን ዘሎ በቀረው ጠራት። የብራዚሉ እግር ኳስ ተጫዋች ካካም ስሙን ያገኘው እንዲሁ ነው፣ ታናሽ ወንድሙ «ሪካርዶ» ማለት አቅቶት። በሳምንቱ አባቷም እኔም ሳናውቀው እሱ ባወጣላት ስም ስንጠራት ራሳችንን አገኘነው። ያ ስም ከ22ቱ ውስጥ አልነበረም።