ኦ.ኤስ. 46 ኤኤክስ 2፦ የአንድ አዲስ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር አገጣጠም፣ አነሳስና ሮዳጅ

እ.ኤ.አ. በ1936 በኦሳካ የተመሠረተው የጃፓኑ ኦ.ኤስ. ለሞዴል አውሮፕላን ከሚሠራቸው ሞተሮች መካከል 46 ኤኤክስ 2 የተባለው፣ በሬዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ማብረር ለሚማርም ሆነ ለዓመታት ላበረረ ሰው ያለ ማመንታት የምመክረው ሞተር ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን መጠኑ 7.45 ሲሲ ነው፤ ስሙ ላይ ያለው 46 የመጣው ይኸው መጠን በአሜሪካ አለካክ 0.46 ኪዩቢክ ኢንች ስለሚባል ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 22 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 19.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከማርሚታው ጋር ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በደቂቃ 16,000 ዙር ላይም ወደ 1.6 የፈረስ ጉልበት እንደሚሰጥ አምራቹ ይገልጻል። የሞተሩን ዕድሜ በአብዛኛው የሚወስኑት ከሳጥኑ ወጥቶ የሚሠራባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሆኑ፣ በዚህ ግምገማ ከበረራው ይልቅ በአገጣጠሙ፣ በአነሳሱና በሮዳጁ፣ ማለትም አዲሱን ሞተር ቀስ በቀስ ከሥራ ጋር በማላመዱ ላይ አተኩራለሁ። ከዚህም ሌላ ለድሮ ሞተሮች ይሰጥ የነበረና ለዚህኛው ጎጂ የሆነ አንድ ምክር አሁንም በየሜዳው ሲነገር እሰማለሁና እሱን ሰፋ አድርጌ አነሣዋለሁ።

ሳጥኑ ሲከፈት ሞተሩ፣ ማርሚታው ከነቡሎኖቹ፣ የሚግለው ካንዴላና የአጠቃቀም መመሪያው ይገኛሉ። ፕሮፔለር፣ ሰልባትዮ፣ ነዳጅ፣ የካንዴላ ማጋያ ባትሪና ማስነሻ ሞተሪኖ ለብቻ የሚገዙ ናቸው። የአካሉ አሠራር ንጹሕ ነው፤ ቡሎኖቹ በእጅ ያለ ችግር ይገባሉ፤ ነዳጁን የምታስተካክለው መርፌም ወደ ኋላ ዘንበል ብላ ስለተቀመጠች ጣት ከሚሽከረከረው ፕሮፔለር ይርቃል። ይህችን የመርፌዋን አቀማመጥ ከሌላው ሁሉ አብልጬ እወድላቸዋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሙያ የጣት ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው ሞተሩ እየሠራ ሲስተካከል ነው።

ካንዴላው ገብቶ ፕሮፔለሩ ከታሰረ በኋላ አዲሱን ሞተር በእጅ በዝግታ ሲያዞሩት፣ ፒስተኑ ወደ ላይኛው ጫፍ በቀረበ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነክሶ ይይዝና ቀጭን የሲጥታ ድምፅ አሰምቶ በድንገት ይለቃል። ይህን ያየ ብዙ ጀማሪ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ወደ ሱቅ ሊመልሰው ይነሣል። ነገሩ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሲሊንደሩ ከናስ ተሠርቶ ውስጡ በኒኬል የተለበጠ ሲሆን፣ ፒስተኑ ደግሞ ሲሊከን በብዛት ከተደባለቀበት አሉሚኒየም የተሠራ ነው። የሲሊንደሩ ቀዳዳ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ በዓይን በማይለይ መጠን ይጠባል። ሞተሩ ሲግል ናሱ ከፒስተኑ የበለጠ ስለሚሰፋ፣ ይልቁንም ቃጠሎው ያለበት የላይኛው ክፍል ከሁሉ በላይ ስለሚሞቅ፣ በብርዱ ጊዜ የነበረው ጥበት ይለቅና ፒስተኑና ሲሊንደሩ ልክ በልክ ይገጥማሉ። ስለዚህ ይህ ሞተር ልኩን የሚያገኘው ሲሞቅ ብቻ ነው፤ ሮዳጁም የሚመራው በዚህ ሐቅ ነው። በብርድ ወራት ከማስነሣት በፊት የሲሊንደሩን ራስ በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ጊዜ ማሞቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ ቀዝቃዛውን ሞተር ያለ ምክንያት በእጅ ደጋግሞ ማዞር ግን ፒስተኑን ከመፋቅ በቀር ጥቅም የለውም።

ሞተሩን በቀጥታ አውሮፕላኑ ላይ ከማሰር ይልቅ አስቀድሞ በሙከራ ማቆሚያ ላይ ማስነሣት ይመረጣል፤ አየሩ እንደ ልብ ያገኘዋል፣ መርፌውንም ማስተካከል ይቀላል። አካሉን በሞርሳ መጨበጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ቀጭኑ የአሉሚኒየም አካል ከተጣመመ ክራንክሻፍቱና ኩሽኔታዎቹ መስመራቸውን ይስታሉ። ወፍራም ኮምፔንሳቶ በሞተሩ ልክ ቆርጦ አራቱን የእግር ቀዳዳዎች በቡሎንና በዳዶ ማሰር፣ ኮምፔንሳቶውን ደግሞ ከማይነቃነቅ ጠረጴዛ ጋር ማጥበቅ ይበቃል። ሰልባትዮው ከሞተሩ ጀርባ በቅርብ ይቀመጣል፤ የመካከሉም ከፍታ ከመርፌው ከፍታ ጋር ሊስተካከል ይገባል፤ በጣም ከፍ ካለ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነዳጅ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ሰልባትዮው እየጎደለ ሲሄድ ሞተሩ ይራባል። አንደኛው የሲሊኮን ቱቦ ከሰልባትዮው በማጣሪያ አልፎ ወደ መርፌው ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከማርሚታው ጢሱን ወስዶ በሰልባትዮው ውስጥ ግፊት ይፈጥራል። ለሮዳጅ 11 ኢንች ርዝመትና 6 ኢንች ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት) ያለው ፕሮፔለር ተስማሚ ነው፤ ከመታሰሩ በፊት ግራና ቀኙ እኩል መመዘኑን ማረጋገጥ፣ የተጫረ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነም ሳይሳሱ መጣል ያስፈልጋል።

ነዳጁ ሜታኖል፣ ዘይትና ናይትሮሜቴን የተደባለቀበት ነው። ለዚህ ሞተር ናይትሮሜቴኑ ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ዘይቱ ደግሞ ከ18 በመቶ ያላነሰ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዘይቱም ጥቂቱ የጉሎ ዘይት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ከልክ በላይ ሲግል ሰው ሠራሹ ዘይት ቀድሞ ይቃጠላል፣ የጉሎ ዘይት ግን ብረቱን እንደያዘ ይቆያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎች ናይትሮሜቴን ፈንጂ ለመሥራት ሊያገለግል ከሚችሉ ኬሚካሎች ስለተመደበ ከ16 በመቶ በላይ የያዘ ነዳጅ ያለ ፈቃድ እንደማይሸጥላቸው ሊያውቁ ይገባል፤ ደግነቱ ይህ ሞተር ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ሜታኖል እርጥበት ከአየር ስለሚስብ የጀሪካኑ ክዳን ሁልጊዜ መጥበቅ አለበት። አንድ ጊዜ ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ ክዳኑ የላላ ጀሪካን ተሸጦልኝ፣ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ድምፁ ሲዋዥቅ መርፌውን ሳስተካክል ውዬ፣ ነዳጁን ስለውጠው ወዲያውኑ ተስተካክሏል። ሜታኖል መርዝ መሆኑን፣ በቆዳም እንደሚገባ፣ ነበልባሉም በፀሐይ ብርሃን እንደማይታይ ማወቅ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

ካንዴላው እንደ መኪና ካንዴላ የእሳት ብልጭታ አይሰጥም። ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ያቀረበው ዓይነት ሲሆን፣ ውስጡ ያለው የተጠማዘዘ የፕላቲኒየም ሽቦ በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ቢነቀልም ፕላቲኒየሙ ከሜታኖሉ ጋር በሚያደርገው የኬሚካል ውህደትና በእያንዳንዱ ቃጠሎ ሙቀት እንደጋለ ይቀጥላል። ከመግጠም በፊት ካንዴላውን ከባትሪው ጋር አገናኝቶ ሽቦው ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ መጋሉን ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ለማስነሣት መርፌው ሳያስጨንቁት እስኪዘጋ ይጠብቅና መመሪያው በሚያዘው ዙር ይከፈታል። ከዚያም ባትሪው ሳይገናኝ፣ የካርቡረተሩ በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ አፉ በጣት እንደተደፈነ፣ ነዳጁ በቱቦው መጥቶ ካርቡረተሩ እስኪደርስ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ይገባል። ነዳጁ ሲደርስ የካርቡረተሩ በር ወደ ሩብ ገደማ ይመለሳል። ሞተሪኖውን ከማስጠጋት በፊት ፕሮፔለሩን አንድ ጊዜ በእጅ ማዞር ግዴታ ነው፤ ከተለመደው ንክሻ በተለየ ድንጋይ የነካ ያህል ቀጥ ብሎ ከቆመ በሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ ሞልቷል ማለት ነው። ፈሳሽ አይታመቅምና በዚህ ሁኔታ ሞተሪኖ የተጠቀመ ሰው የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። መፍትሔው ካንዴላውን ፈትቶ ሞተሩን መዘቅዘቅና ነዳጁን ማስወጣት ነው። ሞተሩ ሲነሣ የሚያስነሣው ሰው ከፕሮፔለሩ ጀርባ ይሁን፤ በፕሮፔለሩ ግራና ቀኝ መስመር ላይ ማንም አይቁም፤ የዓይን መከላከያ ይደረግ፤ የሸሚዝ እጅጌና የነጠላ ጫፍ ይሰብሰብ። የካንዴላው ባትሪም የሚነቀለው ከኋላ በኩል ነው።

ከላይ ወደጠቀስኩት ምክር ስመጣ፣ አዲስ ሞተር ብዙ ሰልባትዮ ነዳጅ እስኪጨርስ ድረስ መርፌው በሰፊው ተከፍቶ፣ ነዳጅ በዝቶበት፣ ቀዝቅዞና እየተንደፋደፈ ይሥራ የሚሉ አሉ። ምክሩ የብረት ፒስተን ወይም የፒስተን ቀለበት ላላቸው ሞተሮች ትክክል ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። ለናስና ኒኬሉ ሲሊንደር ግን ተቃራኒው ነው፤ ሞተሩ በቀዘቀዘ ቁጥር የሲሊንደሩ ጫፍ እንደጠበበ ስለሚቆይ፣ ፒስተኑ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ በዚያ ጥበት እየታሸ ያልፋል፤ በዚህ መንገድ ቶሎ የሚያልቀው ለዓመታት ሊያገለግል የሚገባው ያ የመጀመሪያው ንክሻ ራሱ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ እያሞቁ መልሶ ማቀዝቀዝ ነው።

አፈጻጸሙ በጆሮ ይመራል። የካርቡረተሩ በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ነዳጅ ሲበዛበት፣ ሞተሩ አንዱን ዙር እየዘለለ ስለሚያቃጥል ድምፁ ይንተከተካል፤ ከማርሚታውም ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጢስ ይወጣል። መርፌው ቀስ በቀስ ሲዘጋ አንድ ቦታ ላይ መንተክተኩ ይቆረጥና ድምፁ ጠርቶ ይጮኻል፤ እዚህ ላይ እያንዳንዱ ዙር እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። በዚህ ጥሩ ድምፅ 10 ሰከንድ ያህል አሠርቶ፣ መርፌውን ከፍቶ ለተመሳሳይ ጊዜ ወደ መንተክተኩ መመለስ፣ እንዲህ እያፈራረቁ ሰልባትዮውን መጨረስ፣ ከዚያም ሞተሩ እጅ እስኪያስነካ ማቀዝቀዝ ነው ሥራው። በመጀመሪያ ከማርሚታው የሚወጣው ዘይት ግራጫ ጥላ ይኖረዋል፤ ከተፋቀው ብረት የመጣ ነውና አያሳስብም፤ እየቆየ ሲጠራ ሮዳጁ እየሠመረ ነው። ድምፁ ከጠራ በኋላ ፍጥነቱ በራሱ መውረድ ከጀመረ ግን ሞተሩ ነዳጅ አንሶት እየጋለ ነውና ወዲያውኑ መርፌውን መክፈት ይገባል። ለመፈተሽ የነዳጁን ቱቦ ለቅጽበት ጫን ብሎ መልቀቅ በቂ ነው፤ ፍጥነቱ ጥቂት ከፍ ካለ ነዳጁ አለው፣ ሳይጨምር ከወደቀ አንሶታል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ የሚሠራበት ሁኔታ ማስተካከያ ቀላል ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ ለጥቂት ሰከንድ ቆይቶ የካርቡረተሩ በር በድንገት ሲከፈት፣ ጢስ እያፈነዳ ከዘገየ በሚኒሞ ላይ ነዳጅ በዝቶበታል፤ እንደታፈነ ቀጥ ብሎ ከጠፋ አንሶታል። በካርቡረተሩ ላይ ያለችውን የሚኒሞ ነዳጅ ማስተካከያ ብሎን በጥቂቱ እያዞሩ ማስተካከል ነው፤ ፋብሪካው የሚያወጣት አቀማመጥ ለትክክለኛው በጣም የቀረበ ስለሆነ ብዙ መነካካት አያስፈልግም።

ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ በዚህ ሁሉ ላይ ለውጥ ያመጣል። እኔ በምኖርበት በዴንቨር አካባቢ 1,600 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ 2,300 ሜትርን በሚያልፈው በቦሌ ከፍታ ደግሞ በ20 በመቶ ያህል። አየር ሲያንስ የሚያስፈልገው ነዳጅም ስለሚያንስ፣ መመሪያው ከሚለው ይልቅ መርፌው ጠበቅ ማለት ይኖርበታል፤ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ሮዳጁ ካለቀ በኋላ በከፍታ ቦታ 11 በ7 ፕሮፔለር መሞከር ይጠቅማል። ሞተሩን ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ነዳጁ ተቀጣጣይ በመሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ መያዝ ክልክል መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ፤ የነዳጅ ሽታ ያለው ያገለገለ ሞተርም በአየር መንገዶች ዘንድ ችግር ያስነሣል።

ሞተሩ አውሮፕላኑ ላይ ከታሰረ በኋላ መርፌው ከጥሩው ድምፅ ትንሽ ወደ ነዳጅ ማብዛቱ ተከፍቶ ይቆይ፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ሲያዝና ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ድምፁ ሳይወድቅ ከቆየ ለበረራ ዝግጁ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚጠቀም ሰው ጋር ሲነጻጸር የዚህ ባለቤት ጫጫታውን፣ ክንፉን የሚያለብሰውን ዘይትና የነዳጁን ወጪ መቀበል ይኖርበታል፤ ጸጥታ በሚፈለግበት ሰፈርም ይህ ሞተር ቦታ የለውም። በአጸፋው ለሌላ በረራ ባትሪው እስኪሞላ መጠበቅ የለም። ማርሚታውን የያዙት ቡሎኖች ብረቱ ግሎ በቀዘቀዘ ቁጥር ሊላሉ ስለሚችሉ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች በኋላ እንደገና ይጠበቁ። የዕለቱ በረራ ሲያልቅም ሰልባትዮው ይገልበጥ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ይጨርስ፤ በካርቡረተሩና በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ የማከማቻ ዘይት ይግባና ዘይቱ ኩሽኔታዎቹ ዘንድ እስኪደርስ ፕሮፔለሩ በእጅ ይዙር፤ ውስጥ የቀረ ሜታኖል እርጥበት ስቦ የኋላውን ኩሽኔታ በጥቂት ሳምንታት ያዝገዋልና።