ፕሮፕራኖሎል ወይስ አቴኖሎል?

ሐዋሳ ውስጥ በልብ ምት መፋጠን ወይም በደም ግፊት ምክንያት ሐኪም ዘንድ የቀረበ ሰው ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ ሊታዘዝለት ይችላል። ሁለቱም ያለፈቃዳችን በሚሠራው የነርቭ ሥርዓት በኩል፣ ልብን የሚያፋጥኑት አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ የሰውነት ኬሚካሎች የሚያርፉባቸውን ቤታ ተቀባዮች በመዝጋት የልብን ምት ያዘገያሉ።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከተቀባዮቹ ዓይነት ነው። በ1960ዎቹ በብሪታኒያዊው የመድኃኒት ተመራማሪ በጄምስ ብላክ ቡድን የተገኘው ፕሮፕራኖሎል በልብ የሚበዙትን ቤታ 1 እና በሳንባ የሚበዙትን ቤታ 2 ተቀባዮች ሳይለይ ስለሚዘጋ፣ የአስም ሕመምተኛን የአየር ቧንቧ አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያጠብ ይችላል። አቴኖሎል ይበልጥ በልብ ላይ ያተኩራል፤ ይሁንና መጠኑ ሲጨምር ይህ መራጭነቱ ስለሚላላ ለአስም ሕመምተኛ አያሰጋም ማለት አይደለም።

አወሳሰድ፦ አቴኖሎል ብዙውን ጊዜ በቀን 1 ጊዜ፤ ተራው የፕሮፕራኖሎል ክኒን 2 ወይም 3 ጊዜ።
ከሰውነት መወገጃ፦ አቴኖሎል በኩላሊት፤ ፕሮፕራኖሎል በጉበት።

ፕሮፕራኖሎል በቀላሉ ወደ አንጎል ስለሚገባ ቅዠት ሊያስከትል ቢችልም፣ ማይግሬንን ለመከላከል፣ ለእጅ መንቀጥቀጥና የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ለሚመጣው የልብ ምት መፋጠን አዘውትሮ የሚመረጠው እርሱ ነው። ክኒን መቁጠር ለሚሰለቸው የደም ግፊት ሕመምተኛ አቴኖሎል ይቀላል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ግን መጠኑ መቀነስ አለበት፤ የፅንስን ዕድገት ሊገታ ስለሚችልም ለነፍሰ ጡር አይመረጥም።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ በጾም ወቅት፣ ሁለቱም የስኳር መውረድን የሚጠቁመውን የልብ ምት መፍጠን ሊደብቁበት ስለሚችሉ ላብ ሲያጠምቀው ስኳሩን ይለካ። ማናቸውንም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ የልብ ሕመም ላለበት ሰው እጅግ አደገኛ ነው።