የቻይናው የፓምፕ ዋግምት፦ ዕቃው ደኅና ነው፣ ወረቀቱ ያጋንናል

ደብረ ብርሃን ገበያ የሚሸጠው ባለ 12 ኩባያ የፓምፕ ዋግምት ለተያዘ ትከሻና ለወገብ በቂ ነው። ባለ 24ቱ ለቤት ትርፍ ነው።

ሲገዙ የሚፈተሸው ኩባያው አናት ላይ ያለችው የጎማ ቫልቭ ናት። ጭን ላይ ደፍቶ በፓምፑ ሁለቴ መሳብና አምስት ደቂቃ መጠበቅ፤ ቀድሞ ከለቀቀ ቫልቯ አየር ታስገባለች፣ አይገዛም። በብርድ ጎማው ስለሚደርቅ ኩባያውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከር ማድረግ ይረዳል። ማፍላት ግን ፕላስቲኩን ያጣምመዋል።

ቆዳው በስሱ ዘይት ይቀባል፤ ከዕቃው ጋር የሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ከ2 እስከ 3 ጊዜ ሳቡ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀርቶበታል። ኩባያውን ቆዳ ላይ የሚያጣብቀው የውጭ አየር ግፊት ነው፤ እንደ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ የላላው ስበት ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ይጠብቃል። ቁጥሩን ትቶ ቆዳውን ማየት ነው፤ ከ10 ደቂቃ አይለፍ። ውሃ ከቋጠረ ስበቱ በዝቷል ወይም ቆይቷል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አይታገም። በምላጭ በጥቶ ደም ማውጣትማ በዚህ ዕቃ ጭራሽ አይሞከርም፤ ደም የገባበት ቫልቭ ቤት ውስጥ አይጸዳም።

ወረቀቱ «መርዝ ይስባል» ይላል። የሚቀረው ጥቁር ምልክት ከቀጫጭን ሥሮች የፈሰሰ ደም እንጂ መርዝ አይደለም። ኩባያው ውስጥ ያሉት ማግኔቶችም ቆዳ ከመቆንጠጥ በቀር ጥቅም የላቸውም፤ ይውጡ።

ወረቀቱ ላይ ስለ «ቺ» (በሰውነት ይዘዋወራል ስለሚባለው ኃይል) የተጻፈው ታኦኢዝም ከሚባለው የጥንት ቻይና እምነት ጋር የተያያዘ ነው፦ ፍጥረት የራሱ አካሄድ አለው፣ ሰውም አይታገለው። ቺ፣ ዪንና ያንግ (ተደጋጋፊ ተቃራኒዎች) ይህን አካሄድ መግለጫ ናቸው፤ በመሣሪያ የተለኩ አይደሉም። ሆኖም ከዚሁ እምነት ጥሩ ምርምር ወጥቷል። በ4ኛው መቶ ዘመን የማይሞቱበትን መድኃኒት ይፈልግ የነበረው ቻይናዊው ታኦኢስት ጌ ሆንግ በቀንድ ስለ ማገም ጽፏል፤ ለሚመላለስ ትኩሳት ደግሞ የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቅጠል አንድ እፍኝ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ሳያፈሉ ጨምቆ መጠጣትን መክሯል። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ይህን አንብባ ሙቀቱ መድኃኒቱን ሳያበላሸው አይቀርም ብላ ጠረጠረችና በ1971 እ.ኤ.አ. በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በተባለ ፈሳሽ አወጣችው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመች፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም የዚያ መድኃኒት ልጅ ነው።

ዋግምት እንዲህ ያለ ማስረጃ የለውም። የአንገትና የወገብ ሕመም ለጊዜው ያስታግሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ ብዙዎቹም ደካማ ናቸው። ወረቀቱ ስኳርና ደም ግፊት ያድናል ብሎ የደረደረውን አምኖ ክኒን ማቆም አደጋ ነው።