ዋይፋይ በራሱ አልመለስ ሲል፦ የዊንዶውስ 11 መሣሪያዎች ሲመዘኑ

ላፕቶፕ ከዋይፋይ ተለያይቶ በራሱ አልመለስ ሲል ዊንዶውስ 11 የሚያቀርባቸው መፍትሔዎች ጥቂት አይደሉም፤ ጉድለቱ እጅግ የሚጠቅሙት ከዓይን ርቀው መቀመጣቸው፣ እምብዛም የማይጠቅሙት ደግሞ ከፊት መቅረባቸው ነው።

ከኔትወርኩ ስም ጋር ያለው፣ ላፕቶፑ በራሱ እንዲገናኝ የሚያዘው ምልክት መደረጉን ማየት የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። የራውተሩ የይለፍ ቃል ወይም የደኅንነት ዓይነት ከተቀየረ ደግሞ የተቀመጠውን ኔትወርክ አስረስቶ እንደ አዲስ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሁለቱም በሚገባ የሚሠሩ ስለሆኑ ብዙ የሚባልባቸው ነገር የለም።

አስቸጋሪው ምልክቱ ተደርጎም ግንኙነቱ የማይመለስበት ሁኔታ ነው። የላፕቶፑ ክዳን ተዘግቶ ቆይቶ ሲከፈት በዋይፋዩ ምልክት ቦታ የሉል ሥዕል ይታያል፤ በዚያው ራውተር ላይ ያለው ስልክ ግን ያለ ችግር ይሠራል፤ የኔትወርኩ ስም በእጅ ሲነካም ላፕቶፑ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ወዲያው ይገናኛል። እንዲህ ሲሆን የይለፍ ቃሉም ሆነ ራውተሩ ጤነኛ በመሆናቸው ቀድሞ የሚጠረጠረው ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ የሚጠፋውና ሲነቃ በቅጡ የማይነሣው የዋይፋይ ካርድ ነው። መፍትሔው የኮምፒውተሩን ክፍሎች በሚዘረዝረው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ፣ ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሣት ሲሆን፣ ዋጋው ባትሪው በመጠኑ ቶሎ ማለቁ ብቻ ነው። ይሁንና በርካታ አዳዲስ ላፕቶፖች በሚጠቀሙበት የእንቅልፍ ሥርዓት ምክንያት ይህ ገጽ ጭራሽ ላይታይ ይችላል፤ ለተጠቃሚው ምንም ማብራሪያ ሳይሰጡ መቆጣጠሪያውን መሰወር ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ያን ጊዜ የሚቀረው ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው፦ ችግሩ ከዝማኔ በኋላ ከጀመረ ወደ ቀድሞው መመለስ፣ ካልሆነም ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አዲሱን አውርዶ መጫን።

ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለገመድ አልባ ሪፖርቱ ነው። በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት፣ ኔትሽ በተባለው ትእዛዝ አማካይነት የሚዘጋጀው ይህ ሪፖርት ያለፉትን 3 ቀናት ግንኙነቶች በሥዕላዊ መስመር ያሳያል፤ እያንዳንዱ መቋረጥ መቼ እንደደረሰና ምክንያቱ ምን ተብሎ እንደተመዘገበም ይዘረዝራል። ክዳኑ በተዘጋባቸው ሰዓቶች ላይ መቋረጡ ተደጋግሞ ከታየ ከላይ የተነሣው ጥርጣሬ ይጠነክራል። የሚያሳዝነው በሴቲንግስ ገጾች ላይ እሱን የሚያወጣ ቁልፍ አለመኖሩና የሚጽፋቸው ምክንያቶች ለባለሙያ እንጂ ለተራ ተጠቃሚ የማይመቹ መሆናቸው ነው።

በሴቲንግስ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የኔትወርክ ሪሴት (ቅንብሩን ወደ መነሻው የሚመልሰው) ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። የኔትወርክ ካርዶችን ሁሉ አንሥቶ እንደ አዲስ ስለሚጭን የተበላሸ ቅንብርን ያስተካክላል፤ ነገር ግን የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ይጠፋሉ፣ የቪፒኤን (ግንኙነትን በሚስጥር የሚያሳልፍ) ፕሮግራምም እንደገና መጫን ሊያስፈልገው ይችላል። ከእሱ በፊት ላፕቶፑን ሪስታርት ማድረግ ይቀድማል። ማጥፋትና ማብራት ይህን አይተካም፤ ላፕቶፑ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርገው ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን የሥርዓቱን እምብርት በዲስክ ላይ አስቀምጦ በኋላ መልሶ ስለሚያነሣው አሮጌው ችግር አብሮ ሊመለስ ይችላል።

ሌሎች መሣሪያዎችም አብረው የሚቋረጡ ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱም አይረዳም፤ መታየት ያለበት ራውተሩ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ ከራዳር ጋር የሚጋሩ ቻናሎችን የሚጠቀም ራውተር እንደገና ሲነሣ ሞገዱን ከመልቀቁ በፊት ራዳር መኖር አለመኖሩን ቢያንስ ለ60 ሰከንድ ማዳመጥ ስለሚጠበቅበት፣ በዚያ መሐል ላፕቶፑ ኔትወርኩን አለማግኘቱ ብልሽት አይደለም።