የጠረጴዛ ኦቨን በፓንኬክ ስትፈተን

ባለ 30 ሊትሯን የጠረጴዛ ኦቨን የገዛሁት ባሕር ዳር ገበያ አካባቢ ካሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ከአንዱ ነው። ከላይና ከታች የሚግል ሽቦ አላት፣ ጀርባዋ ላይ 1500 ዋት ይላል። ዳቦ ትጋግራለች ብሎ መመስከር ቀላል ነው፤ ዳቦ ሙቀቱ ትንሽ ቢጎድለውም ቆይቶ ይበስላል። እኔ የፈተንኳት ግን በኦቨን በሚጋገር ፓንኬክ ነው። እሱ ሙቀት ከጎደለው ቂጣ ሆኖ ይቀራል።

ለማያውቁት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዱቄትና ጨው ተመትቶ ቅቤ የቀለጠበት የጋለ ዕቃ ውስጥ ይፈስና ኦቨን ይገባል። እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም የለበትም። የሚያስነሳው በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሲገፋው ነው፤ ዳርና ዳሩ ሽቅብ ይቆማል፣ መሃሉ ለስላሳ ይሆናል። መነሻው የጀርመን ነው፣ “ደች ቤቢ” በሚል ስም ያስተዋወቁት ደግሞ በአሜሪካ የሲያትል ሰዎች ናቸው። የተለመደው ልክ 3 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ወተት፣ 220 ዲግሪ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ወፍራም የብረት መጥበሻም ይፈልጋል።

መጥበሻ አለኝ፣ እጀታው ግን ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ በደንብ የተሟሸ ጣባ ተጠቀምኩ። ሸክላ ሙቀት ስለሚይዝ ከቀጭን የኬክ ቆርቆሮ በብዙ ይሻላል። ብቻ ቀዝቃዛ ጣባ የጋለ ኦቨን ውስጥ አይከተትም፣ ይሰነጠቃል፤ ኦቨኗ ሳትበራ አስገብቶ አብሮ ማጋል ነው። ሊጡም ከፍሪጅ እንደወጣ አይፈስበትም።

ቅቤው ላይ ልቆይ። ለጋ ቅቤ በዚህ ሙቀት ሊጡ ሳይገባ ይጠቁራል፤ የሚያርረው ውስጡ የቀረው አሬራ ነው። ንጥር ይችለዋል። ግን ምን የገባበት ንጥር? ኮረሪማ ብቻ ከሆነ ከማር ጋር እንዲያውም ያምራል፤ ኮሰረትና በሶብላ ያለበት ከሆነ ቤቱ ሁሉ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል። ለዚህ ብዬ ትንሽ ያለ ቅመም አንጥሬ አስቀምጣለሁ።

የሐበሻ እንቁላል ትናንሽ ስለሆነ 3 የሚለውን 4 አደርገዋለሁ። ወተቱ ከጎረቤት ላም የታለበ ነው፤ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ስልባቦቱን አነሳለታለሁ። ዱቄቱ ፉርኖ ነው። እናቴ “ጤፍ ያልገባበት ምኑን ምግብ ሆነ!” ስላለች ሩብ እጁን ነጭ ጤፍ አድርጌዋለሁ፣ ጣዕሙንም ወድጄዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን አይነሳም፤ ጤፍ ግሉተን ስለሌለው እንፋሎቱን አይዝለትም። የጾም ይሠራለት እንደሆነ የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ እንቁላሉ ከወጣ ይህ ምግብ የለም፣ አትልፉ።

ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንፋሎቱ ቶሎ ይነሳል፣ ፓንኬኩ ቅጥ ባጣ ሁኔታ ያብጥና ውስጡ ሳይረጋ ይሟሽሻል። መላው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ወደ 180 ዝቅ አድርጎ ሌላ 6 ወይም 7 ደቂቃ መጨመር ነው። በሩ አይከፈትም። የኦቨኗ መስታወትና የውስጥ አምፖሏ የሚመሰገኑት እዚህ ላይ ነው፣ ጠርዙ ሲወጣ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል።

ጉድለቷስ? ቀይ መብራቷ ቀድሞ ይጠፋና “ግያለሁ” ትላለች፤ አትመኗት፣ በተለይ በጣባ ከሆነ 25 ደቂቃ ስጧት። የላይኛው ሽቦ ቅርብ ነው፤ ሽቦ መደርደሪያውን መጨረሻ ታች ካላደረጋችሁት ያበጠው ጫፍ ሽቦውን ነክቶ ያራል። በጀርባ በኩል ትንሽ ታጠቁራለች። ውጪዋ ያቃጥላል፣ ልጅ ያለበት ቤት ይጠንቀቅ። ከእንጀራ ምጣድ ጋር አንድ ላይ ከበራች ብሬከሩ ይወርዳል። ማለቂያው ላይ መብራት ቢሄድ ግን አትደንግጡ፤ በሩን እንደዘጋችሁ ተዉት፣ ጣባው በያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል።

ሲወጣ የዘጌ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ማር ይፈስበታል። የማንጎ ወቅት ከሆነ ማሩም አያስፈልግም።

በዋጋዋ ልክ ናት እላለሁ፣ ግን ሳትሰኩ እንዳትገዙ። ባለሱቁ “እህቴ፣ ካርቶኑ ከተከፈተ ማን ይገዛኛል?” ብሎኝ ነበር። “ከሠራች እኔው እገዛሃለሁ” አልኩት። የመጀመሪያዋ የታችኛው ሽቦ ጭራሽ አልቀላም። ሁለተኛዋ ግን ከላይም ከታችም ፍም መሰለች፣ እሷን ከፍዬ ባጃጅ ላይ ጫንኩ።